በእርሳስ የተጻፈ ስም

መቶ ሠላሳ ስድስት። መቶ ሠላሳ ሰባት።

ሃይሚ ዓይኖቿን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክላ በግራ እጇ ስላይዱን በቀስታ ትገፋለች። የቀኝ አውራ ጣቷ የመቁጠሪያዋን ቁልፍ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋል። ደሙ ከሁምቦ ቆላ የመጣች ሴት ደም ነው። ነጭ የደም ሕዋሱ ሁለት መቶ እስኪሞላ በመካከሉ ስንት የወባ ተውሳክ እንዳለ መቁጠር አለባት፤ ቁጥሩ ከጠፋባት እንደገና ከአንድ ነው። ሶዶ ባለው በዚህ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ አምስት ዓመት ስትሠራ ቁጥር ጠፍቶባት እንደገና የጀመረችበትን ቀን አታስታውስም።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አላየችውም።

«ሃይሚ!» ካርድ ክፍል የምትሠራው ፈጠነች በበሩ አንገቷን አስገባች። ፈጠነች በወላይትኛ ቃል የማይዛነፍባት፣ በአማርኛ ግን ስትቸኩል ወንድና ሴቱን የምታደባልቅ ሴት ናት። «ያ ሴትዮ ውጤቱን እየጠበቀ ነው። ወደ ተበላ ከተማ የሚሄድ መኪና ሊያመልጠው ነው ይላል።»

«ሴትዮዋ ወንድ ናት ሴት?»

«ወባው መች መረጠ!» አለችና እየሳቀች ሄደች።

ስልኩ ደግሞ ተንቀጠቀጠ። መቶ ሰባ ሁለት። ከዚያም ደግሞ። ሁለት መቶ ሲሞላ ሃይሚ ቀና አለች፤ ቁጥሩን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ወረቀቱን በመስኮቱ አሳለፈች። ስልኳን ያነሣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ትሕትና ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ የድምፅ መልእክትም ትታለች።

ትሕትና ታላቅ እህቷ ናት። ስቶክሆልም ነርስ ሆና መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ሃይሚዬ፣ የዲኤንኤው ውጤት ወጣ። ደውይልኝ። እስክትደውይ ግን አንድ ነገር አስቢ። ሁለተኛውን የምራቅ ቱቦ ለማን ነው የሰጠሽው?»

ሃይሚ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ቆማ ደወለች።

«ሁለተኛው ያንቺ አይደለም፣ አይደል?» አለች ትሕትና ሰላምታ ሳታስቀድም።

«አይደለም።»

«ወንድ ነው ይላል። መጀመሪያ እነሱ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዝርዝሩን አየሁት። ከአባዬ ጋር በደም ይገናኛሉ። ሩቅ እንዳይመስልሽ፤ የአባት መስመራቸው አንድ ነው። ቁጥሩ የሚያሳየው የአባዬ የወንድም ልጅ መሆኑን ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙት ወንድም።»

«አባዬ ወንድም የላቸውም።»

«የላቸውም፤ እሱንማ አውቃለሁ። ለማን ነው የሰጠሽው?»

ሃይሚ የማጠራቀሚያውን ጎን አየች። ዝገቱ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር ሠርቶ ወርዷል።

«ለጦና።»



«ምናልባት» አለች ትሕትና ቆይታ፣ ልክ እንደ ልጅነታቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስታሽጊው ተለዋውጦብሽ ይሆን? የአንዱ ለአንዱ...»

«ቢለዋወጥስ ትሕትና? ሁለቱ ሰዎች ያው ሁለቱ ናቸው።»

ወደ ውስጥ ተመልሳ እጇን ታጠበች። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ጥፍሮቿን፣ የመዳፏን ጀርባ። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ድዱን በጣቱ ይነካዋል፤ ድዱ የራሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ድዱ ግን አይመልስለትም። ሃይሚ ደረቷ ውስጥ ያለውን ነገር እንደዚያ ነካችው። አልመለሰላትም።

*

ሶዶ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በሚተዋወቁት የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ አቶ ገብረሥላሴ ቸርነት ነው። የሃይሚ አባት ናቸው። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ሆነው ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከሰው ጋር ሲያወሩ እንኳ ፋይል የሚያገላብጡ የሚመስሉ ሰው። ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር አላቸው። የልጁም የልጅቷም ወገኖች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ያደርጉና ቤት ይቆጥራሉ። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ እያሉ ከሁለቱም ወገን ወደ ላይ ይወጣሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ሁለቱ መስመሮች ከተገናኙ ደብተሩን ይዘጉና «ዘመድ ናችሁ፤ ተከባበሩ» ይላሉ። በቃ። ይግባኝ የለውም። የሰፈር ቀልደኞች «ገብረሥላሴን ሳታስቆጥር ከረባት አትግዛ» ይላሉ።

ጦና ኤልሳዕ ለእኚህ ሰው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል።

ጦና የሁምቦ ከተማ የሆነችው የተበላ ልጅ ነው፤ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። ወላይታ ነው፣ የገበሬ ልጅ ነው፣ ጸሎቱም በሌላ ቤት ነው። ሃይሚ ያወቀችው የተማሪዎቹን ደም ሊያስመረምር ሠላሳ ሁለት ልጅ አሰልፎ ክሊኒኩ የመጣ ዕለት ነው። የሁሉንም ስም በቃሉ ያውቅ ነበር። ስልክ በእጁ እያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ከተማሪ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ጽፎ ለተበላ ሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል፣ ሾፌሩም ለፈጠነች፣ ፈጠነችም «ያ አስተማሪ ዛሬም ጻፈች» እያለች ለሃይሚ።

አቶ ገብረሥላሴ ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ በክብር አብልተው «አይሆንም» አሉ። ምክንያት አልሰጡም። ምክንያቱን ከተማው ሰጠላቸው። ዘሩን ንቀው ነው፤ ሃይማኖቱን ጠልተው ነው፤ የጸሐፊ ቸርነት ልጅ ለገበሬ ልጅ ይድራል እንዴ ተባለ። እሳቸው ሰምተው ዝም አሉ። ሃይሚም ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠረችው። አምና ለፋሲካ ዋዜማ አንድ ደብዳቤ ጽፋ ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጠች። ከደብዳቤው አንዱ መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «አባዬ፣ የሰው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አንድን ሰው እንደ ሰው መቁጠር ግን አቃተዎት።» መልስ አላገኘችም። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ እየበሉ እንደ ሆቴል እንግዶች ኖሩ።

ትሕትና በሰኔ ወር ሁለት ትንንሽ የምርመራ ሣጥኖች ስትልክ አንዱ ለአባቷ፣ አንዱ ለሃይሚ ነበር። አያት ቅድመ አያታቸው ከመንዝ መጥተዋል የሚባለው እውነት ከሆነ ከሰባት ቤት በላይ ያለው ይታይ፣ ደብተሩ ይሙላ ብላ ነው። ሃይሚ አባቷ እምቢ ይሉኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ቱቦውን ተቀበሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እስከ መስመሩ ድረስ ምራቃቸውን ሞሉላት። ሲመልሱላት ሁለተኛው ሣጥን ያለበትን ቦርሳዋን ተመለከቱ።

«ያኛው ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

ረጅም ጊዜ አዩዋት። ውሸቷን ያዩባት መስሏት ፊቷን አዞረች።

ሁለተኛው ሣጥን በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ለጦና ደረሰ።

«ግማሽ ሰዓት ምንም እንዳትበላ፣ ምንም እንዳትጠጣ» አለችው።

«ምርመራ ነው ወይስ የናንተ ጾም?»

«የጾም ነገር ለአንተ ይከብድሃል።»

«ይከብደኛል! እያየሽ ነው፣ ያ ሰውዬ ከፊቴ ሥጋ በዳጣ እየበላ ነው።» ከዚያ ቱቦውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። «አንድ ጠብታ የመንዝ ደም ቢገኝብኝ ሃይሚ፣ ከእንግዲህ ሽማግሌ አልልክም። ውጤቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ ራሴ እሄዳለሁ። ‹ጋሼ፣ ባዕድ አይደለሁም› እላቸዋለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ቱቦውን ሲያሽጉ ሁለቱም በየልባቸው ያችን አንዲት ጠብታ ለመኑ። ዘራቸው እንዲቀራረብ ለመኑ። ከመራቅ በቀር የሚከለክል ነገር ያለ አልመሰላቸውም።

*

ቤት ስትደርስ አባቷ በረንዳው ላይ ዳዊት ይዘው ተቀምጠዋል። ዳሞታ ላይ ደመና ወርዶ ግማሹን ተራራ ውጦታል።

«ውጤቱ መጣ» አለች ቆማ።

መጽሐፉን ዘጉ። «የማን?»

«የሁለታችሁም።»

ሁለታችሁ ማለትሽ እነማንን ነው ብለው አልጠየቁም። ያኔ ነው ያወቀችው።

«ሁለተኛው የጦና መሆኑን ያውቁ ነበር።»

«ምራቄን ሳልሰጥሽ በፊት ሣጥኑን በነጠላ ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ስትከቺ አየሁሽ። የራስሽን ምራቅ በነጠላ አትጠቀልይም።»

«አውቀው ነው ታዲያ የሰጡኝ?»

አቶ ገብረሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ጥርት ብሎ ከጠራም በኋላ መጥረጋቸውን አልተዉም።

«በአፌ መናገር አቃተኝ ልጄ። ሦስት ዓመት ሞከርኩ። ማታ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ሲነጋ አፌ ይያዛል። ሣጥኑን ሳይ... እንግዲህ አፌ ያቃተውን ምራቄ ይናገር አልኩ።»

ገቡና ደብተሩን ይዘው ተመለሱ። የከፈቱላት ገጽ የመጀመሪያው ነበር። ሃይሚ ይህን ገጽ አይታው አታውቅም፤ የራሳቸውን ቤት ለማስቆጠር የመጣ ሰው ስላልነበረ። ከላይ በቀለም «ቸርነት» ይላል። ከሥሩ በቀለም «ገብረሥላሴ»፤ ከእሱ ሥር «ትሕትና»፣ «ሃይሚ»። ከገብረሥላሴ ጎን ደግሞ በእርሳስ፣ ሊነበብ እስኪያዳግት ደብዝዞ፣ «ኤልሳዕ»። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል። ተጽፎ የጠፋ፣ ጠፍቶ የተጻፈ፣ ብዙ ጊዜ። በገጹ እጥፋት ውስጥ የእሷ ደብዳቤ አለ።

«አባቴ ሁምቦ የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ» አሉ። «ዘነቡ የምትባል ሴት ነበረች። ባል ነበራት፤ አባቴም ሚስት ነበራቸው። የጸሐፊውን ቃል እምቢ የሚል ገባር በዚያ ዘመን የለም። ፍቅር ነበረ ብዬ አላሳምረውም፣ አላውቅም። ሊሞቱ ሲሉ ጠርተውኝ ‹ተበላ ወንድም አለህ፣ ስሙ ኤልሳዕ ነው› አሉኝ። ከዚያ ማለፋቸው ነው።»

«አገኙት?»

«አንድ ጊዜ። በገበያ ቀን ሄድኩ። በቆሎ ይሸጥ ነበር። ፊቱ ቆምኩ። የአባቴን ጆሮ ይዟል፤ ይቺ ታች የተጣበቀችዋን። ‹ምን ልስጥዎ ጋሼ?› አለኝ።» አቶ ገብረሥላሴ ቆም አሉ። «በቆሎ ገዛሁት።»

ከታች ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ።

«ሲሞት ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ። ከዚያ አንቺ መጣሽና ‹ጦና ኤልሳዕ ይባላል፣ ከተበላ ነው› አልሽኝ።»

«ሰው ዘረኛ ሲልዎት ዝም አሉ። እኔ ስልዎትም ዝም አሉ።»

«የእኔ ስም ይበላሽ፣ የአባቴ ይትረፍ አልኩ። እኔ እኮ አለሁ፤ ስሜን ቆሜ እጠብቃለሁ። እሳቸው ሞተዋል።»

ሃይሚ ደብዳቤዋን ከእጥፋቱ አወጣች። አልከፈተችውም፣ መልሳ አስገባችው። መጮኽ የሚገባት ቦታ እንደሆነ ታውቃለች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ይጮኻል ብላ አሰበች።

«እኔስ?» አለች ብቻ።

አባቷ የሰው ሁሉ ቤት ቆጥረው ያውቃሉ። አሁን ግን መነጽራቸውን አድርገው ወደ ደብዛዛው ስም ጎነበሱ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ጦና ከመድረሱ በፊት ደብዳቤው ደረሰ። ሐሙስ የጻፈው ነው፤ ሾፌሩ ረስቶት ቆይቷል። ሃይሚ ፖስታውን ሳትቀድ ሹራብ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተገናኙ። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ እርጥብ ነው። ወደ ታች የሁምቦ ቆላ፣ ከዚያም ባሻገር እንደ ቆርቆሮ የሚያበራው የአባያ ውኃ ይታያል። ጦና ካለወትሮው ሱፍ ኮት ለብሷል፤ «ውጤቱ መጥቷል፣ ና» ስላለችው።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አለ እየሳቀ። «ስንት እጅ መንዜ ሆንኩ?»

«ሩብ።»

«ሩብ!» እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። «እስከ ሩብ! አንድ ጠብታ ለምኜ ባልዲ ሰጠኝ። ከየት መጣ ግን?»

«ከአያትህ።»

«ከየትኛው አያቴ?»

«ከእኔ አያት። ከቸርነት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ባለቤቱ ሄዶ ወንበር ላይ እንደ ቀረ ኮት። ከዚያ ጠፋ። ሃይሚ የሰማችውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገረችው፤ ቱቦውን፣ ቁጥሩን፣ የአባት መስመሩን፣ ዘነቡን፣ በእርሳስ የተጻፈውን ስም። ለሐኪም ውጤት እንደምታነብ አነበበችለት። ድምፅዋ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልተሰበረም፤ ይህም ለራሷ ገረማት።

ጦና ቁጢጥ ብሎ ስንጥር አነሣ። እርጥቡ አፈር ላይ አንድ አራት ማዕዘን ሣለ።

«ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተምረዋለሁ» አለ። «አራት ማዕዘን ወንድ፣ ክብ ሴት። ይህ ቸርነት።» ከሥሩ ሁለት አራት ማዕዘን ሣለ። «አባትሽ። አባቴ።» ከአንዱ ሥር ክብ፣ ከአንዱ ሥር አራት ማዕዘን። «አንቺ። እኔ።» ስንጥሩ በክቡና በአራት ማዕዘኑ መካከል ቆመ። «እዚህ ጋ፣ የሚጋቡ ከሆነ አግድም መስመር ይሠመራል።»

ስንጥሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ማን ያውቃል?» አለ ቀና ሳይል። «አንቺ፣ እኔ፣ እሳቸው፣ ትሕትና። አራት ሰው ነው። ከዚህ አገር እንሂድ። ጂማ፣ ጎንደር፣ የትም። አስተማሪና ላቦራቶሪ የትም ይፈለጋል። እዚያ እኔ ጦና ነኝ፣ አንቺ ሃይሚ ነሽ፣ በቃ።»

«እኔ አውቃለሁ፣ ጦና።»

«ሃይሚ...»

«አንድ ቁጥር አይቼ ሌላ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። አይተኸኛል። አልችልበትም።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ጥቂት ነው። ጦና የእሷን እጅ ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ መሃል መንገድ ላይ እጁን ተመለከተው፣ የማን እንደሆነ እንደ ጠፋበት። ጉልበቱ ላይ መለሰው። ሃይሚ ደብዳቤውን ከኪሷ አወጣች።

«ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ።»

«አላነበብሽውም?»

«ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው።»

ተቀበላትና የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ አስገባው። በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ፣ እናቱ ዘንድ እንዲሄዱ የለመነበት ደብዳቤ እንደሆነ አልነገራትም። እሷም ምን እንደሚል አልጠየቀችም፤ ብታውቅም ባታውቅም ያው ነው።

«አባቴ ያውቅ ነበር?» አለ።

«አላውቅም። አባዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት። ገበያ ላይ። በቆሎ ገዝተውታል።»

ጦና ቀስ ብሎ ዞረ።

«ነጠላ የለበሱ፣ ጥቁር ባርኔጣ ያላቸው ሽማግሌ?»

«ባርኔጣ አላቸው።»

«ገዝተው ትተውት ሄዱ እኮ!» ድምፁ አሁን ነው የተሰበረው። «አባቴ ስንት ጊዜ እንደ ቀልድ አውርቶናል። ‹ከሶዶ የመጣ አንድ ትልቅ ሰው በቆሎዬን ገዝቶ፣ ዓይኔን ዓይኔን ሲያየኝ ቆይቶ፣ እህሉን ረስቶ ሄደ› እያለ። አልሸጠውም። ቋጥሮ አስቀመጠው። ሦስት ገበያ ተሸክሞ እየወጣ ጠበቃቸው፤ የሰው እህል ነው ብሎ።»

ስለራሱ ያላለቀሰው ሰው ስለዚያ በቆሎ አለቀሰ። ሃይሚ አጠገቡ ቆማ የባሕር ዛፉን ልጥ እያየች ጠበቀችው። ማልቀሱ ሲበርድ ጦና ተነሣ፤ አፈሩ ላይ የሣለውን በጫማው ሊያጠፋ ብሎ ተወው።

«ልያቸው» አለ። «ውሰጅኝ፣ ሚቺዮ።»

ወላይትኛ አሳምራ አትችልም። ይህችን ቃል ግን ታውቃታለች፤ ክሊኒኩ ውስጥ ወንድሞች እህቶቻቸውን ደግፈው ሲያመጡ የሚጠሩበት ነው። ሦስት ዓመት ሃይሚዬ፣ ዓለሜ ሲላት የኖረ አፍ አንድ ጊዜ «እህቴ» አላትና አበቃ። ቃሉ ወደ ደረቷ ወርዶ እዚያ ያገኘውን ነገር ሲነካ ተሰማት። ሕመም አልነበረም። ሕመም ሊመጣበት ያለ ቦታ ነበር።

*

አቶ ገብረሥላሴ የበሩን መከፈት ሰምተው ከበረንዳው ተነሡ። ጦና ደረጃው ሥር ቆመ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የላከበት ቤት ነው፤ በእግሩ ሲረግጠው የመጀመሪያው ነው።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ።»

«ጋሼ አትበለኝ» አሉ። «አጎትህ ነኝ።»

ሽማግሌው ደረጃውን በእጃቸው ግድግዳ እየያዙ ወረዱ፤ ፊቱ ሲደርሱ ዓይናቸው ፊቱን አልፎ ጆሮው ላይ ቆመ። ታች የተጣበቀችዋ።

«አባቴ ሦስት ገበያ ጠብቆዎት ነበር» አለ ጦና።

«ምኑን?»

«በቆሎውን። ይመለሳሉ ብሎ። ቋጥሮ አስቀምጦልዎት ነበር።»

ሃይሚ አባቷን በዕድሜዋ ሙሉ ሲያለቅሱ አላየችም፤ እናቷ ስትቀበር እንኳ። አሁንም ማልቀስ ብላ ልትጠራው አልቻለችም። አፋቸው ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እጃቸውን ወደ ትከሻው ሲዘረጉ ጦና ቀድሞ ያዛቸው። እንደዚያ ተያይዘው ቆዩ።

«ጎንበስ በል ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

ጦና ጎንበስ አለ። አቶ ገብረሥላሴ ሁለት እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«የአባትህ አምላክ ይጠብቅህ። በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ። ዘርህ ይባረክ። ያላልኩትን ለአባትህ በልልኝ። እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ።»

ሃይሚ ይህን ሦስት ዓመት አልማው ነበር። ጦና በዚህ ግቢ፣ በዚህ ኮት፣ ለአባቷ ጎንበስ ብሎ፤ አባቷም እጃቸውን ጭነው፣ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ሲመርቁት። በሕልሟ ግን እሷም አጠገቡ ጎንበስ ብላለች። አሁን በረንዳው ምሰሶ ሥር ቆማለች። ምርቃቱ ደርሷል፤ ለእሷ አይደለም እንጂ።

ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ቀርቦ ማንም ሳይነካው በረደ። አቶ ገብረሥላሴ ደብተሩን ከፈቱ፤ ብዕር አነሡ፤ ወረቀቱን ሳያስነኩ ለሃይሚ ዘረጉላት።

«አንቺ ጻፊው» አሉ። «ጽሕፈትሽ ይነበባል።»

«ምን ልጻፍ?»

«ያለውን።»

ሃይሚ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ወረቀቱ ስለ ሳሳ ብዕሩን አላልታ ያዘች። በእርሳሱ ላይ፣ ፊደሉን ፊደሉ ላይ እየደረበች፣ በቀለም «ኤልሳዕ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ጦና» አለች። ስሙ ከእሷ ስም ጋር በአንድ መስመር ላይ ዋለ። ሳታስበው ቆጠረች፦ ከጦና ወደ ቸርነት ሁለት ወደ ላይ፣ ከቸርነት ወደ ሃይሚ ሁለት ወደ ታች። አልተሳሳተችም። እንደገና አልቆጠረችም።

«ስሜን በትክክል ጻፍሽው?» አለ ጦና ካለበት ሆኖ።

«በትክክል።»

«እሺ» አለ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች። በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ አልለቀቀም። የራሷን ደብዳቤ ከእጥፋቱ አውጥታ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ ተነሣችና መደርደሪያው ላይ፣ ከዳዊቱ አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጠችው።